ፈረሱ ከኔ ይበልጣል

ከአቅሜ በላይ የሆነ ፈረስ አለኝ። ይህን ስል ቁጡ ነው፣ ይራገጣል፣ ሰው ይጥላል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም በጣም ጨዋ ነው። ነገሩ ሌላ ነው፤ እሱ የሚያውቀውን እኔ አላውቅም። ጉግስ ሜዳ ላይ ያደገ፣ ገና ለመዞር ስታስብ የሚዞር፣ "ሂድ" ሳትለው የሚሄድ ፈረስ ነው። እኔ ደግሞ ከተማ ነው ያደግሁት፣ ውሎዬም ቢሮ ነው። ኮርቻ ላይ የወጣሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

እንዲህ ዓይነት ፈረስ እጃቸው የገባ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ከአባቱ ይወርሳል። ሌላው ገንዘብ ሲይዝ የሰፈሩን ምርጥ ፈረስ ይገዛል። ውጭ ኖሮ የተመለሰውም የልጅነት ምኞቱን ሊወጣ ሲል፣ የመጀመሪያ ፈረሱ አድርጎ የሚመርጠው በጥር ሜዳ ላይ ዓይኑ የገባውን አንደኛውን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የሚነግረው የለም። ወይ ይፈራዋል፣ ወይ ያበላሸዋል፣ ወይ ዓመት ሳይሞላው ይሸጠዋል። ሌላ መንገድ አለ። እኔ እየሄድኩበት ስለሆነ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አገራችን አዊ ነው፣ እንጅባራ አጠገብ። ደጋ ነው፣ ብርዱና ዝናቡ የታወቀ። እዚያ ፈረስ ጌጥ አይደለም። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ያደርሳል። ጥር 23 ሲመጣ ደግሞ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን ዓድዋ የዘመቱትን አባቶችና አብረዋቸው የዘመቱትን ፈረሶች ያስባል። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ የኛም በዓል በጊዮርጊስ ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰው በፈረሱ በሚጠራበት አገር ጥሩ ፈረስ ይዞ ሳይችሉ መጋለብ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ያያል፣ ሰው ያወራል። ብዙዎቻችን ፈረሱን የምናበላሸውም ከዚህ ከሰው ዓይን የተነሳ ነው።

የኔ ፈረስ መልኩ ዳማ፣ ማለትም ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ፣ ነጭ ምልክት፣ አለው። ስሙም ዳማው ነው። የአጎቴ ነበር። አጎቴ ጉልበቱን ሲያመው ነጋዴዎች ደጋግመው መጥተው ጥሩ ዋጋ ሰጡት፣ እሱ ግን እምቢ አለ። "ጋሪ ላይ ታስሮ ከማየው አንተ ጋ ይሁን" ብሎ ዛቡን፣ ከልጓሙ ጋር የተያያዘውን መሪ ጠፍር፣ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። "እኔ እኮ አልችልበትም አጎቴ፣ እርስዎም ያውቃሉ" ብለው፣ "እሱ ይችልበታል፤ አንተ ዝም ብለህ ተማር" አለኝ።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ፈረሱ ምን እንደሚያውቅ ነው። ጉግስ የሚጫወት ሰው አንድ እጁ ጋሻ ይይዛል፣ ሌላው ዘንግ። ዛቡ ከጋሻው ጋር በግራ እጅ ላልቶ ነው የሚያዘው። እያሳደዱት ዘንግ ሲወረወርበት ዞር ብሎ በጋሻ መመከት አለበት፣ ተራው ደርሶ ሲያሳድድ ደግሞ ከኮርቻው ተነስቶ መወርወር አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ዛብ መሳቢያ ጊዜ የለም። ስለዚህ ጥሩ የጉግስ ፈረስ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአፉ ሳይሆን ከጀርባው ነው። የጋላቢው ክብደት ወዴት እንዳደላ፣ ጭኑ መቼ እንደጠበቀ፣ ወገቡ መቼ እንደላላ እያነበበ ነው የሚሮጠው፣ የሚቆመው፣ የሚዞረው።

አሁን እንዲህ ያለው ፈረስ ላይ ገና መቀመጥ ያልለመደ ሰው ይውጣ። ሰውየው ወደ ግራ ዘመም ይላል፣ ፈረሱ ወደ ግራ ይታጠፋል። ሰውየው ይደነግጥና ጭኑን ያጠብቃል፣ ፈረሱ ይፈጥናል። ሰውየው ወደ ፊት ይደፋል፣ ፈረሱ ሽምጥ ይነሳል። ከሜዳው ዳር ለሚያይ ሰው ፈረሱ ያበደ ይመስላል። ፈረሱ ግን የታዘዘውን ሁሉ በትክክል እየፈጸመ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳማው ላይ ሆኜ ከኪሴ ስልክ ላወጣ ብዬ ጎኔን ጠምዘዝ ሳደርግ ቀጥ ብሎ ከመንገድ ወጥቶ ዞረ። ጆሮውን ወደ ኋላ መልሶ ቀጣዩን ይጠብቃል። ቀጥሎ ምን ላድርግ እያለኝ ነው።

ይህን ነገር ካልተረዳችሁ ምክር ሰጪው ብዙ ነው፣ ምክሩም አንድ ዓይነት ነው፤ አብርደው። ገብሱን ቀንስበት፣ ልጓሙን አጥብቀው፣ ከመውጣትህ በፊት ዳገት ላይ አድክመው፣ አለንጋ አሳየው። አንዳንዱ በቅንነት ነው የሚመክረው። ግን ይህ ፈረሱን ወደ ጋላቢው ደረጃ ማውረድ ነው። የተማረውን ለመርሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። መጀመሪያ ለክብደት መልስ መስጠት ይተዋል፣ ቀጥሎ አፉ ይደነድናል፣ ከዚያ በዛብ ካልተጎተተ የማይዞር ፈረስ ይሆናል። እንዲህ የሆነ ፈረስ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ሰውየው "ለመደኝ" ይላል። እኔ መልመድ አልለውም።

ስለዚህ ሥራው ፈረሱ ላይ ሳይሆን እኛ ላይ ነው። ከየት ይጀመር ብትሉኝ፣ ከእጅ።

የፈረሳችሁን አፍ ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከፊት ጥርሱና ከመንጋጋ ጥርሱ መካከል ጥርስ የሌለበት ቦታ አለ። ባዶ ድድ ነው፣ ከሥሩ አጥንት። ልጓሙ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አውራ ጣታችሁን እዚያ አስቀምጣችሁ ትንሽ ጫን በሉ፣ ፈረሱ ወዲያው ምላሱን ያንቀሳቅሳል፣ አፉን ይከፍታል። በጣት ይህን ያህል ከተሰማው ብረት ምን እንደሚያደርገው አስቡት። በተለይ የኛ የድሮ ልጓም፣ ያ የታችኛውን መንጋጋ የሚከበው ቀለበት ያለው፣ ኃይለኛ ነው። በትክክለኛ እጅ በጣት ጫፍ ይሠራል። ኮርቻ ላይ ሚዛኑን ለመጠበቅ በዛብ የሚንጠለጠል ሰው እጅ ውስጥ ሲገባ ግን ፈረሱን በየእርምጃው እያሰቃዩት ነው። አንገቱን ወደ ላይ የሚቀስር፣ አፉን የሚከፍት፣ ራሱን የሚነቀንቅ ፈረስ ስታዩ "ትዕቢተኛ ነው" አትበሉ። መጀመሪያ የተቀመጠበትን ሰው እጅ እዩ።

እኔ ያደረግሁት ቀለበት ያለውን ልጓም አውልቄ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ቀለል ያለ ልጓም ማድረግ ነው። አጎቴም ተስማማ። ከዚያ አንድ ትንሽ ጠፍር ከኮርቻው ፊት አሰርኩ፣ ስደነግጥ የምይዘው። ጠፍር የሌለው ጋማ ይያዝ። ጋማ መያዝ ነውር የሚመስላቸው አሉ፣ በተለይ ወንዶቹ። በፈረሱ አፍ ከመንጠልጠል ጋማ መያዝ ሺህ ጊዜ ይሻላል፣ ጋማው ፈረሱን አያመውም።

እጅ ደግሞ ብቻውን አይስተካከልም። እጅ የሚናወጠው መቀመጫ ስለሚናወጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የወሰድኩት፣ እናንተም እዚህ ላይ ብትቆዩ አይቆጫችሁም።

አጎቴ ዳማውን በረጅም ገመድ ይዞ መሃል ይቆማል፣ ፈረሱ በዙሪያው ክብ ይሄዳል። እኔ ላዩ ላይ ነኝ፣ ዛብ የለኝም፣ እርካብም የለኝም። እርካቡን ኮርቻው ላይ አጣጥፎ ያስረዋል፣ እንዳልሰርቅ። መጀመሪያ በእርምጃ ብቻ። እጅህን ዘርጋ ይለኛል፣ ትከሻህን ልቀቅ፣ ዓይንህን ጨፍን። ዓይን ሲጨፈን ፈረሱ የትኛውን እግሩን እንዳነሳ በዳሌ ይታወቃል። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ፤ የፈረስ ጀርባ ዝም ብሎ ወደ ፊት አይሄድም፣ ግራና ቀኝ እየተነሳ ይወርዳል፣ ሰውም ወገቡን ካላላ አብሮት ይሄዳል። ካጠበቀ ይነጥራል። ከዚያ ሶምሶማ። ሶምሶማ ያለ እርካብ ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም። ጭን ይንቀጠቀጣል፣ ጎን ይወጋል። ግን በጉልበት መቆንጠጥ እንደማይሠራ የሚያስተምረው እሱ ነው። በቆነጠጥክ ቁጥር ወደ ላይ ትገፋለህ፤ እግርህን ረዘም አድርገህ ስትለቀው ትቀመጣለህ።

ትንፋሽም አለ። የሚያስገርመኝ ይህ ነው። ዳማው በሶምሶማ ላይ እያለ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውጭ ሳወጣና ወገቤን ሳላላ ወደ እርምጃ ይወርዳል። ዛብ አልነካሁም፣ "ቀስ" አላልኩም። ፈረስ ዝንብ ጀርባው ላይ ስታርፍ የሚሰማው እንስሳ ነው፣ ቆዳውን እዚያችው ቦታ ላይ ብቻ አርገብግቦ ያባርራታል። የሰው ደረት ሲወጣና ሲገባማ እንዴት አይሰማውም? ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቆም ስፈልግ በእጄ መጀመር ትቻለሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ መጨረሻ ላይ ዛብ። ብዙ ጊዜ ዛብ ጋ አልደርስም።

ገመድ የሚይዝላችሁ አዋቂ ሰው ከሌለ ይህን በተራ ሰው አታሠሩት። የማያውቅ ሰው ገመዱ እግር ሥር እንዲገባ ያደርጋል፣ ወይም ክቡን አጥብቦ የፈረሱን ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። ክቡ ሰፊ ይሁን፣ ጊዜው አጭር ይሁን፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይሁን። በየሰፈሩ ከጉግስ የወጡ ሽማግሌዎች አሉ። ሂዱና ለምኗቸው። የሚጠይቃቸው በማጣት ነው ዝም ያሉት እንጂ እውቀቱ እነሱ ጋ ሞልቷል።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር፣ ፈረሱን ከናንተ የሚሻል ሰው ይጋልበው።

ይህ ለብዙ ሰው ይከብዳል። የኔ ፈረስ ነው፣ እኔ ገዝቼው፣ እኔ ቀልቤው፣ ሌላ ሰው ሜዳ ላይ ይታይበት? አዎ፣ ይታይበት። እኛ ገና መቀመጥ እስክንማር ፈረሱ ሥራ ፈቶ መክረም የለበትም። ዳማውን የአጎቴ ልጅ በሳምንት ውስጥ እየወሰደ ያሠራዋል። እሱ ከልጅነቱ ጀምሮ ፈረስ ላይ ያደገ ነው፣ እጁ ዝም ያለ ነው። እሱ ሲጋልበው ሜዳው ዳር ቆሜ አያለሁ፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው። ፈረሱ አንገቱን እንዴት እንደሚሸከም፣ ሲዞር የኋላ እግሩን እንዴት ሆዱ ሥር እንደሚያስገባ፣ ጆሮው መቼ ወደ ጋላቢው መቼ ወደ ፊት እንደሚል ከላይ ሆኖ አይታይም። እኔ በተራዬ ስወጣ እንደዚያ እየሄደ መሆኑንና አለመሆኑን የማውቀው አስቀድሜ ከታች ስላየሁት ነው። እሱ በሠራው ማግስት ስቀመጥበትም ልዩነቱ ይታወቀኛል። ፈረሱ ክፍት ነው፣ ቀላል ነው። እኔ ብቻ በተከታታይ ስጋልበው ቀስ በቀስ ግራ ጎኑ ይጠጥራል፣ ምክንያቱም እኔ ወደ ቀኝ አደላለሁ።

ሰው ስትመርጡ ፈጣኑን አትምረጡ። ከግልቢያ ሲመለስ ፈረሱን እዩት። አፉ ጥግ ላይ ደም ወይም ቁስል ካለ፣ ጎኑ ላይ የአለንጋ ሰንበር ካለ፣ በላብ ተጠምቆ እያለከለከ በቀጥታ ከታሰረ፣ ሰውየው ምንም ያህል ቢያምር ፈረሳችሁን አትስጡት። ጥሩ ፈረሰኛ የመጨረሻውን መንገድ በእርምጃ ነው የሚመልሰው፣ ዛቡን ለቆ። ከወረደም በኋላ መጀመሪያ የሚያስበው ፈረሱን ነው።

ስለ ቀለብ ብዙ አልልም። ገብስ ጉልበት ነው፣ ጉልበት ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። በዓል ሲቀርብ ሁሉም ገብስ ይጨምራል፤ ሥራው ሳይጨመር ገብሱ ብቻ ከተጨመረ ያ ሁሉ ጉልበት የሚወጣው ደካማው ጋላቢ ላይ ነው። ስለዚህ እህሉን በሥራው ልክ አድርጉት። ሣርና ድርቆሽ ግን ለቅጣት ብሎ መቀነስ ነውር ነው። ፈረስ አብዛኛውን ቀን ሲያኝክ መዋል ያለበት እንስሳ ነው። ማስታወክም አይችልም፣ ስለዚህ እህል በአንድ ጊዜ አብዝቶ መስጠት ለሆድ ቁርጠት ይዳርጋል፣ ቁርጠት ደግሞ ፈረስ ይገድላል።

ኮርቻውንም እዩ። ጥሩ የነበረ ፈረስ ድንገት ሲዘልና ኮርቻ ሲጠላ፣ ጠባዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ጀርባውን በእጃችሁ ዳስሱ። የእንጨቱ ኮርቻ የጀርባ አጥንቱን መንካት የለበትም፤ ከግላሱ፣ ከኮርቻው ጋር ከሚነጠፈው ጨርቅ፣ ጋር ተጭኖም ቢሆን መሃል ላይ አየር ማለፊያ ይኑር። የገጠበ፣ ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ላይ ሆኖ መማር አይቻልም። ለሰውየውም አደጋ ነው፣ ለፈረሱም ግፍ ነው። በተረፈ የኛ አገር ፈረስ ትንሽ ነው። ሰውና ኮርቻ ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ ባይሆን ይመከራል። ወፈር ያላችሁ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት።

አሁን የሚያስፈራው ነገር፣ ሲነሳባችሁ። እንዲህ ያለ ፈረስ አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም። ሌሎች ፈረሶች አጠገቡ ሽምጥ ሲሄዱ ጉግስ የተጀመረ ይመስለዋል። ሰው በተፈጥሮው ሁለቱንም ዛብ አጥብቆ ይስባል፣ ወደ ፊት ይደፋል፣ ይጮኻል። ሦስቱም "ፍጠን" ናቸው። ዛቡ ሲወጠር ፈረሱ እሱን ተደግፎ ይሮጣል፣ ወይም በኋላ እግሩ ይቆማል። ይልቅ ወደ ኋላ ተቀመጡ፣ ትንፋሽ አውጡ፣ አንዱን ዛብ ሳብ ለቀቅ ሳብ ለቀቅ እያደረጋችሁ ሰፊ ክብ አስይዙት፣ ከዚያ ክቡን ቀስ በቀስ አጥብቡት። በአንድ ጊዜ ጠምዝዛችሁ አትጣሉት፣ በፍጥነት ላይ ያለ ፈረስ እግሩ ይጠላለፋል። ይህን በሩጫ ሰዓት ሳይሆን በእርምጃ ደጋግማችሁ ተለማመዱት፣ ፈረሱም እጃችሁም ይልመዱት።

እርካብ ላይም ጥንቃቄ። አያቶቻችን አውራ ጣታቸውን ብቻ ነበር የሚያስገቡት፣ ሲወድቁ እግራቸው ወዲያው ይወጣል። እኛ በስኒከር ሙሉ እግራችንን ነው የምናስገባው፣ ተረከዝ የሌለው ጫማ ደግሞ አልፎ ይገባና ይይዛል። በፈረስ ከመጎተት የከፋ አወዳደቅ የለም። ተረከዝ ያለው ጫማ አድርጉ። ለፈረስ ግልቢያ የተሠራ ሄልሜት እዚህ ማግኘት ይከብዳል፤ አውሮፓም አሜሪካም ዘመድ ያለው ከሽቶ ይልቅ እሱን ያስልክ። እኔ በዓል ላይ ሳይቀር አድርጌው ነው የምወጣው። ባህሉን አይነካም፣ የአንበሳ ጎፈር የሚያደርግ ያድርግ፣ ጭንቅላት ግን አንድ ነው።

መሸጥስ? የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ልባችሁ በፍርሃት ሳይመታ ኮርቻ ላይ የማትወጡ ከሆነ፣ የሚያሠራላችሁ ሰው ከሌለ፣ እናንተም በወር አንዴ ብቻ የምትደርሱ ከሆነ፣ ፈረሱ ችንካር ላይ እየባከነ ነው። ያን ጊዜ ለሚችልበት ሰው ስጡት፤ ዋጋ ለጨመረው ሳይሆን ለሚችልበት። የጉግስ ፈረስ ጋሪ ላይ ሲገባ ማየት የሚያም ነገር ነው። ተመጣጣኝ፣ ረጋ ያለ፣ ዕድሜ የጠገበ ፈረስ ገዝቶ መጀመርም ውርደት አይደለም። ግን ፍርሃታችሁ በትምህርት የሚቀንስ ዓይነት ከሆነ፣ ሰው ካላችሁ፣ ጊዜ ካላችሁ፣ አትሽጡት። በሌላ ፈረስ ላይ ይህን ሁሉ አትማሩም። መጥፎ ፈረስ ስህተታችሁን ይለምደዋል፣ እንዲህ ያለው ግን ሁሉንም ይነግራችኋል።

ዘንድሮ ጥር 23 ዳማው ሁለት ጋላቢ አለው። ጠዋት በሰልፉ ላይ በሶምሶማ የምጋልበው እኔ ነኝ፣ በቀላሉ ልጓም፣ ከአጎቴ ጎን ሆኜ፤ አጎቴ በቅሎ ላይ ይወጣል። ጉግሱ ሲጀመር ወርጄ ኮርቻውን አጠብቅና ለአጎቴ ልጅ እሰጠዋለሁ። ጉግስ ለመግባት ገና ነኝ። ያለ እርካብ በሽምጥ ላይ ሁለት እጄን ዘርግቼ መቀመጥ ስችል አጎቴ ይነግረኛል፣ እስከዚያ አልጠይቀውም።